እጁ የተቃጠለ ሰው

ማልሞ፣ ስዊድን
ኅዳር 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለውድ አጎቴ ለመምህር ጠሃ፣
መካነ ሰላም

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ጋሼ፣ እንዴት ሰነበቱልኝ? ወገብዎ ተሻለው? ከደም ግፊቱ ክኒን ጋር ታረቃችሁ ወይስ አሁንም እየተደባበቃችሁ ነው? እናቴ እንዴት ናት? ቀዬው፣ ጎረቤቱ፣ ገብሱ እንዴት ከረመ? እኔ አልሐምዱሊላህ፣ ከናንተ ናፍቆት በቀር ምንም አልጎደለብኝ። እዚህ ሰው ስለ ብርድ ሲያማርር እሰማለሁ፤ አቀስታን ስላላዩ አልፈርድባቸውም።

የአገሩ የስልክ መስመር ከተቋረጠ ሦስት ወር ሞላው። ድምፃችሁን ሳልሰማ ይህን ያህል ቆይቼ ስለማላውቅ እንደ ድሮ ሰው ወረቀት ይዤ ተቀምጫለሁ። አራተኛ ክፍል አማርኛ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎትና ቀይ እስክሪብቶዎ ትዝ እያለኝ በፍርሃት ነው የምጽፈው። ደብዳቤውን የምታደርስልኝ ሰዓድ የምትባል የደሴ ልጅ ናት። እዚሁ ነርስ ናት፤ ወደ አገር ቤት የሚሄድ ሰው አታጣም። ከደሴ ወዲያ ያለውን መንገድ እርስዎ ያውቁበታል።

ለጎረቤት "ኮምፒውተር ትጠግናለች" እያሉ እንደሚያወሩልኝ እናቴ ነግራኛለች። አልጠግንም ጋሼ። የቪዲዮ ጨዋታ ታሪክ ነው የምጽፈው። አሁን የያዝኩት የመጀመሪያው የራሴ ሐሳብ ነው፤ ሦስት ዓመት ለፍቼበታለሁ። ታሪኩ እንደኛ ባለ ቀዬ ውስጥ የሚሆን ነው፣ አውጫጭኝም አለበት። ፈረንጆቹ እንዲህ ያለ ሸንጎ ሰምተው አያውቁም፤ እኔም በልጅነቴ ያየሁት ስለሆነ ብዙው ጠፍቶብኛል። አቀማመጡ እንዴት ነው? ማን ይጀምራል? መሐላው በምን ቃል ነው? እንደ ትምህርት አድርገው ይጻፉልኝ።

ለእናቴ ሹራብና ጥቂት ብር፣ ለእርስዎ ካልሲ ልኬያለሁ። ዱዓችሁ አይለየኝ።

ልጅዎ ኑርጃን


መካነ ሰላም
ጥር 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለኑርጃን

ወዐለይኩም ሰላም። አላህ ከክፉ ዓይን ይጠብቅሽ፤ በሰው አገር ሞገስ ይስጥሽ፤ እንጀራሽን ያብዛልሽ፤ አሚን። እናትሽ ደህና ናት። ሹራቡን ለብሳ ገበያ ወርዳ አገር አሳይታ ተመልሳለች። ደብዳቤሽ ሁለት ወር ተጉዞ ደረሰ። ሰባት ግድፈት አግኝቼበታለሁ፤ ለስንት ዓመት እስክሪብቶ ላልያዘ ሰው ማለፊያ ነው።

አውጫጭኝን ጠይቀሻል። ጥፋት ደርሶ ጥፋተኛው ሲሰወር አገሩ በሙሉ ወይራው ሥር ይጠራል። የቀረ ይቀጣል። እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ክብ ሠርቶ ይቀመጣል፤ ሼኁም ቄሱም ይመርቃሉ። ከዚያ ከዳር ጀምሮ አንድ በአንድ እየተነሣ ይምላል። ያየ ያየውን፣ የሰማ የሰማውን ያወጣል። የማያውቅ "አላየሁም፣ አልሰማሁም" ብሎ ይቀመጣል። በአደባባይ መናገር የፈራ ደግሞ አስቀድሞ ለአንዱ ሽማግሌ በጆሮው ይነግረዋል፤ ሽማግሌው "ወፍ እንዲህ አለችኝ" ብሎ ያቀርበዋል። ወፏ ማን ናት ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። ጥፋተኛው ከታወቀ ይክሳል፣ ይታረቃል። አላምንም ካለ ግን እሳትና ውሃ ይከለከላል። ከቅሬ ይወጣል፤ ቢታመም የሚሸከመው፣ ቢሞት የሚቀብረው የለም። የአበቡ በግ የተሰረቀች ጊዜ ሌባው ከፈራጆቹ ሽማግሌዎች አንዱ ሆኖ ተገኘ። እስከ ዛሬ ይሳቅበታል።

ጨዋታሽ ግን አልገባኝም። መናኸሪያው አጠገብ ጎረምሶች በቴሌቪዥን ኳስ የሚጫወቱበት ቤት አለ። በሩ ላይ ቆሜ አየሁ። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው ሰው ሲወድቅ ፊቱን የሚያጨማድደው እዚህ ያለው ጎረምሳ ነው። ይህ ታሪክ ነው ትያለሽ? ታሪክ ባለቤት አለው። ሰሚ "ከዚያስ?" ይላል እንጂ "እንዲህ ይሁን" ብሎ አያዝም። ሰሚው ካዘዘበትማ የቀበሌ ስብሰባ ሆነ፤ ሁሉም ተናግሮ ምንም ሳይወሰን ይበተናል።

መነጽሬ አርጅቷል። የማንበቢያ ቢገኝ ላኪልኝ።

አጎትሽ ጠሃ


ማልሞ
የካቲት 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ

ሰላምዎ ይብዛልኝ፤ አላህ ዕድሜዎን ያርዝምልኝ። መነጽሩን ከዚህ ጋር ልኬያለሁ፤ ማሰሪያ ገመድም አለው፣ ግንባርዎ ላይ አድርገው ቤቱን ሁሉ እንዳይፈልጉት።

የቀበሌ ስብሰባ ያሉት ላይ ብቻዬን ሳቅሁ። ነገሩ ግን እንዲህ ነው ጋሼ። ተረት ላይ ጅቡ ሲዋሽ የዋሸው ጅቡ ነው። ሰሚው ከንፈሩን መጥጦ፣ ንጹሕ ሆኖ ይተኛል። ጨዋታ ላይ ግን ትዋሻለህ ወይስ እውነቱን ትናገራለህ ተብሎ የሚጠየቀው ሰሚው ራሱ ነው። እስኪመልስ ታሪኩ ቆሞ ይጠብቀዋል። ፊልም አይቼ ብዙ ጊዜ አልቅሻለሁ፤ ተጸጽቼ ግን አላውቅም። የሚጸጸት የሠራ ሰው ነዋ። ጨዋታ ደግሞ በተመልካች እጅ ያሠራል። በመናኸሪያው ያዩት ጎረምሳ ፊቱን ያጨማደደው ለዚህ ነው፤ የወደቀው እሱ ነው።

በኔ ጨዋታ ተጫዋቹ አንዲት የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሆኖ ነው የሚጫወተው። የጎረቤት የገብስ ክምር ተቃጥሎ አውጫጭኝ ተጠርቷል። ልጅቷ ታውቃለች። ተራዋ ሲደርስ ተጫዋቹ ይመርጣል፤ በአደባባይ ያውጣ፣ ለወፍ ይንገር፣ ወይስ "አላየሁም፣ አልሰማሁም" ይበል።

የበጓን ታሪክ ስለጻፉልኝ አመሰግናለሁ። ግን እርስዎና እኔ ጎን ለጎን የተቀመጥንበት ሌላ አውጫጭኝ ነበር፤ በ1994 ዓ.ም.፣ የወይዘሮ ዓባይነሽ ክምር የተቃጠለ ጊዜ። ስለሱ አንድ ቃል አልጻፉም። ለምን? ጥፋተኛ ተብሎ ከቀዬው የወጣው ሀምዱስ አሁን የት ነው?

ልጅዎ ኑርጃን


መካነ ሰላም
ሚያዝያ 25 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለኑርጃን

ሰላም ላንቺ ይሁን። መነጽሩ ደርሷል፤ አላህ ይስጥልኝ። እናትሽ ደህና ናት። የበልጉ ዝናብ ዘግይቷል።

የጠየቅሽው የቆየ ነገር ነው። ሽማግሌ ዘግቶ የተነሣውን ነገር ልጅ አይቀሰቅሰውም። ወይዘሮ ዓባይነሽ ከሀምዱ በሬዎች ካሳዋን አግኝታለች። ሀምዱ አቀስታ ነው፤ ሳንባው ታሟል ይባላል። ባለፈው ወር ልጁ መጥቶ፣ አባቴ ቢሞት ከአባቶቹ መቃብር ይግባ ብሎ ቅሬውን ለመነ። ቅሬው አልተቀበለውም፤ ጥፋቱን ሳያምን የወጣ ሰው ነው ተባለ። የቅሬው ጸሐፊ እኔ ስለሆንኩ ቃለ ጉባኤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ጨዋታሽን ስለ ሌላ ነገር ብታደርጊው ምን ይመስልሻል? ስለ ጎርፍ፣ ስለ አንበጣ። ለኔ ብር አትላኪ፣ አያስፈልገኝም።

ጠሃ


ማልሞ
ሰኔ 2 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለመምህር ጠሃ

አሰላሙ ዐለይኩም። ዝናቡን አላህ ያውርድላችሁ። ደብዳቤዎ አጭር ነበር። የሀምዱ ልጅ የተመለሰበትን ቃለ ጉባኤ የጻፈው እጅዎ መሆኑን ካነበብኩ ወዲህ ሥራ አልያዝልኝ አለ።

ጨዋታውን በስልሳ ሰው አስሞከርን። አርባ አንዱ "አላየሁም፣ አልሰማሁም" አሉ። ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ የራሴን አለቃ ጨምሮ ነው። እሳቱን ሊያጠፋ የሮጠው ሰው እጁ ተቃጥሎ ስለተገኘ ጥፋተኛ ይባላል፣ ከአገር ይወጣል። ጨዋታው ማንንም አይቆጣም። ልጅቷ ውሃ ልትቀዳ በወረደች ቁጥር በተዘጋው ቤቱ ደጃፍ ታልፋለች፣ እሱ ብቻ ነው። ከሳምንት በኋላ ሰዎች ይጽፉልን ጀመር፤ ወደኋላ መልሱን፣ ያን ጊዜ ቸኩለን ነው ይላሉ። በሌሎች ጨዋታዎች ወደኋላ መመለስ ይቻላል። ከዚህኛው ግን መመለሻውን ያወጣሁት እኔ ነኝ። የሥራ ባልደረቦቼ ደግሞ ታሪኩ ከአውጫጭኙ ከሚጀምር ከእሳቱ ቀን ይጀምር ብለው ይነዘንዙኛል፤ አልፈቀድኩም።

ጋሼ፣ እስቲ እንነጋገረው። ያን ዕለት እናቴ ከላይኛው ቤት እሳት እንዳመጣ ላከችኝ። ፍሙን በገል ይዤ በወይዘሮ ዓባይነሽ አውድማ ሳልፍ ነፋስ ነበር። አንድ ፍም ወደቀ፤ ያወቅሁት ቤት ከደረስኩ በኋላ ነው። በዚያው ቀን ለእርስዎ ነገርኩዎት። "ለማንም እንዳትናገሪ" አሉኝ። አውጫጭኙ ላይ ከአሥር ዓመት በላይ ያለ ሁሉ ይማል ሲባል አጠገብዎ ነበርኩ፤ ተራዬ ሲደርስ እጅዎ ትከሻዬ ላይ ነበር። አላየሁም፣ አልሰማሁም አልኩ። ሀምዱ ያጠፋ እንጂ ያቃጠለ እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።

ሰዓድ ራሷ እየመጣች ነው። ታብሌት ልኬልዎታለሁ፤ ጨዋታው ውስጡ አለ፣ በአማርኛ። ተጫውተው ያዩትን ይጻፉልኝ።

ኑርጃን


ማልሞ
ጳጉሜን 2 ቀን 2016 ዓ.ም.

ጋሼ፣ እንደምን አላችሁ? ዓመቱን የደስታ ያድርግላችሁ። ታብሌቱን በእጅዎ እንደሰጠችዎ ሰዓድ ነግራኛለች። ደፍሬ ከሆነ አውፍ ይበሉኝ። ስለ ጨዋታው መጻፍ ካልፈለጉ ይተዉት፤ "አለን" የሚል አንድ መስመር ይበቃኛል። እናቴ ደህና ናት? ሀምዱ በሕይወት አለ?

ኑርጃን


መካነ ሰላም
ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለኑርጃን

ሰላመ አላህ ይድረስሽ። አለን። ሀምዱም አለ፤ ግን እየደከመ ነው ይላሉ። እናትሽ ደብዳቤ ጻፍላት እያለች ስትነዘንዘኝ ነው የከረመችው። የዘገየሁት መንገድ ጠፍቶ አይደለም።

ታብሌትሽን ሁለት ወር ሳጥን ውስጥ ቆልፌበት ነበር። ቁልፉን ደግሞ በየቀኑ አየው ነበር። በመጨረሻ በጎረቤት ሶላር ቻርጅ አስደርጌ ከፈትኩት። መጀመሪያ ላይ እንደ ፈታኝ ነበር የምመለከተው። ገብሳችሁ ስንዴ ይመስላል። የሽማግሌው ጥምጥም የኛ አገር አይደለም። ውሻው ግን ልክ ነው። እንዲህ እያልኩ ግድፈት ስቆጥር የልጅቷ ተራ ደረሰ።

ሦስቱ ምርጫዎች ከሥር ወጡ። ኑርጃን፣ ቤቱ ውስጥ ማንም አልነበረም። እናትሽ ማሳ ላይ ነበረች። ሰባ አንድ ዓመቴ ነው። ብናገር የሚወሰድ በሬ የለ፣ የሚያፍር ዘመድ የለ፤ ሥዕል ነው። ዝም ማለት የሚያመጣውን ደግሞ ከአንቺ ደብዳቤ አንብቤያለሁ፣ ስለዚህ አላወቅሁም አልልም። ጣቴ ሄዶ "አላየሁም፣ አልሰማሁም" የሚለውን ነካ።

ደነገጥኩ። ልመለስ ብዬ የነካሁት ቁልፍ ሁሉ አልከፈት አለኝ። መመለሻውን ያወጣሁት እኔ ነኝ ያልሽው ትዝ አለኝና ረገምኩሽ፤ ያን እርግማን አላህ ይሰርዘው። ታሪክ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለልጅቷ አዝኜ፣ ላንቺ "በጣም ጥሩ" ብዬ በቀይ ጽፌልሽ እተኛ ነበር። ይህ ነገር ግን እኔን ፈተነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ሌላውን ስፈትን ኖሬ፣ መልሱን እያወቅሁ ወደቅሁ። ዝም ያልኩት ያን ጊዜ ስለተቸገርኩ ነው እያልኩ ነበር የኖርኩት። ለካ ሳልቸገርም ዝም እላለሁ።

ጨዋታሽ ላይ አንድ ነገር ጎድሏል። ለልጅቷ ሦስት መንገድ ሰጥተሻታል። አጎቷ ግን እጁን ትከሻዋ ላይ አድርጎ እንደ ግንድ ተቀምጧል፣ ምርጫ የለውም። ሰው እንዲመርጥ ፈቀድሽ ትያለሽ እንጂ ምን እንደሚመረጥ የወሰንሽው አንቺ ነሽ፤ ለኔ አድልተሽልኛል። እንደዚያ አልነበረም።

አውጫጭኙ ከመጠራቱ በፊት ባለው ቀን ለሽማግሌው በጆሮው የነገርኩት እኔ ነኝ። "እጁ የተቃጠለ ሰው ፈልጉ" አልኩት። ወፏ እኔ ነኝ። አባትሽን ከቀበርን ሁለት ወር አልሞላንም ነበር። እናትሽ አንድ በሬ ነበራት፤ እሱ ለካሳ ከሄደ አራት ልጅ ይበተናል ብዬ አሰብኩ። ሐሰት አልተናገርኩም፣ የሀምዱ እጅ ተቃጥሏል። ሃያ ሦስት ዓመት ለራሴ የምነግረው ይህን ነው። ሀምዱ "አጠፋሁ እንጂ አላቃጠልኩም" ብሎ ማለ። "ታዲያ ማን ነው?" ሲሉት ዝም አለ፤ ዝምታው እንደ ማስረጃ ተቆጠረበት። እኔ ያን ሁሉ ተቀምጬ ጻፍኩት።

አንቺ ሕፃን ነበርሽ። ወንጀሉ የኔ ነው። አውፍ በይኝ።

አጎትሽ ጠሃ


ማልሞ
ታኅሣሥ 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአጎቴ

ወዐለይኩም ሰላም። የምጽፈው ተናድጄ ነው፤ ድፍረቴን ይቻሉኝ።

ሃያ ሦስት ዓመት እኔ ብቻዬን ነኝ ያጠፋሁት ብዬ ኖሬያለሁ። ዩኒቨርሲቲ የገባሁ ቀን፣ እዚህ ሥራ ያገኘሁ ቀን፣ ደስ ሊለኝ ሲል ሀምዱ ይመጣብኛል። እርስዎ ግማሹ የእርስዎ እንደሆነ እያወቁ ለዒድ ይደውሉልኝ ነበር፣ ይመርቁኝ ነበር። አንድ ቀን እንኳ ቢነግሩኝ ምን ነበረበት?

ይህን ከጻፍኩ በኋላ ወረቀቱን ትቼ ወጣሁ። ተመልሼ ነው የምቀጥለው። እውነቱን ልንገርዎት፣ ደብዳቤዎን ሳነብ መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው። ጥፋቱ የሌላ ሰው ሆነልኝ ብዬ ቀለለኝ። ቀኑን ሙሉ እንደዚያ ሆኜ ዋልኩ። ከዚያ ሀምዱን አንድም ጊዜ ሳላስበው መዋሌን ሳውቅ አፈርኩ። እርስዎም እኔም ስለ ጥፋታችን እንጂ ስለ ሰውየው አንነጋገርም።

ለአጎትየው ምርጫ ጨምሬለታለሁ። ልክ ነበሩ፤ አድልቼልዎ ነበር። አለቆቼ ጨዋታው አልቋል፣ ይውጣ ይላሉ፤ ቆዩ ብያቸዋለሁ። ግን በኔ ጨዋታ ውስጥ ስንት ሺህ ሰው እውነቱን ቢመርጥ ለሀምዱ መቃብር አይሆነውም። አቀስታ ይሂዱ ጋሼ። የመኪናውን እኔ ልሸፍን አልልዎትም፤ እንደሚሄዱ ብቻ ቃል ይስጡኝ።

ኑርጃን


መካነ ሰላም
የካቲት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለኑርጃን

አላህ ዕድሜና ልቦና ይስጥሽ። ቁጣሽ ተገቢ ነው፣ ተቀብያለሁ። ሄጃለሁ።

ሀምዱን በሩ ላይ ፀሐይ ሲሞቅ አገኘሁት። ከስቷል፣ ሳሉ ያቋርጠዋል። በግራ እጁ ሁለቱ ጣቶች እንደተጣበቁ ቀርተዋል። ተነሥቶ ሊቀበለኝ ሲል አሳፈረኝ። ተቀመጥኩና ሳላዞር ነገርኩት። ከዚያ፣

"ወፏ አንተ መሆንህንማ ጠርጥሬ ነበር" አለኝ።

"በምን?"

"በአነጋገሩ። ገበሬ ቢሆን 'ሀምዱ ነው' ይል ነበር። 'እጁ የተቃጠለ ሰው' ብሎ አሳምሮ የሚናገር በዚያ ቀዬ ካንተ በቀር ማን አለ?"

አውፍ በለኝ አልኩት። "እኔማ አውፍ ብልህ ምን ይጠቅምሃል" አለ። "ስሜን አቀስታ ላይ አልቀማችሁኝም። የቀማችሁኝ ወይራው ሥር ነው፣ አገሩ ተቀምጦ። እዚያው አምጥታችሁ መልሱልኝ። ልጆቼ እየሰሙ።"

እናገራለሁ አልኩት። "እሳቱ ከየት መጣ ይሉሃል። ምን ልትል ነው?" አለኝ። "ያን ጊዜም ይህንኑ ጠየቁኝ። እኔ ስም አልጠራሁም፤ አሁንም አልጠራም። ግን የሸሸግኸው ሰው በራሱ አፍ ካልወጣ እኔ ነጻ ወጣሁ አይባልም። ጠሃ አርጅቶ ጃጀ፣ አዘነለት ይሉናል።"

ሽማግሌዎቹን ለመንኩ። የኛም የክርስቲያኖቹም ጾም ከተፈታ በኋላ፣ ቅዳሜ ሚያዝያ 18 ቀን እንዲጠራ ተስማሙ። ሀምዱን ልጆቹ ያመጡታል። ወይዘሮ ዓባይነሽም በሕይወት አለች፤ ትመጣለች። እናትሽ ፍሙ ከእጅሽ እንደወደቀ ከነገርኳት ጀምሮ እህል አልቀምስ ብላለች። "ልጄን በሌለችበት አታስጠራት፤ እኔ እዚህ እኖራለሁ እኮ፣ ከነሱ ጋር ውሃ እቀዳለሁ" ትለኛለች። እውነቷን ነው።

አላዝሽም። አንድ ጊዜ እጄን ትከሻሽ ላይ አድርጌ አዝዤሻለሁ፣ ይበቃኛል። ቃልሽ እስከዚያ ቀን ከደረሰኝ ቆሜ አነበዋለሁ። ካልደረሰኝ የራሴን ብቻ ተናግሬ እቀመጣለሁ። ያ ደግሞ ለሀምዱ እንደማይበቃው ነግሮኛል።

አጎትሽ ጠሃ


ማልሞ
መጋቢት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለመምህር ጠሃ

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላህ። ይህን ሰዓድ ሥራዋን አስፈቅዳ በእጇ ይዛው ትመጣለች፣ ለማንም አታስተላልፈውም። ሌላ ደብዳቤ የለውም፤ ቃሌ ብቻ ነው። እርስዎም የማያውቁት አለበት፣ ስለዚህ አስቀድመው አንብበው ድምፅዎን ያዘጋጁ። እዚህ አራት ዓመት ሙሉ ሰው ሁሉ እንዲመርጥ ስጽፍ፣ ከእሳቱ ቀን ጀምሪ ሲሉኝ እምቢ ያልኩት በዚህ ምክንያት ነው። ግድፈት ካለው አያርሙት፣ እንዳለ ያንብቡት።

እኔ ኑርጃን፣ የይማም ልጅ፣ ወላሂ ብዬ እናገራለሁ። የወይዘሮ ዓባይነሽን ክምር ያቃጠለው እሳት ከኔ ገል የወደቀ ነው። ለአጎቴ "ቤት ከደረስኩ በኋላ ነው ያወቅሁት" ብዬው ነበር፤ ዋሽቼዋለሁ። ፍሙ ሲወድቅ አይቻለሁ። ገለባው ሲጤስ ቆሜ አይቻለሁ። ጢሱ ከእጄ አይበልጥም ነበር። በእግሬ ብረግጠው ይጠፋ ነበር። ጎንበስ ብል የያዝኩት እሳት ይፈስብኛል፣ እሳት ይዤ ካልገባሁ እናቴ ትቆጣኛለች ብዬ መንገዴን ሄድኩ። ሲነድ ዞሬ አየሁት፤ አልጮህኩም።

ሀምዱ ከታችኛው ማሳ ሲሮጥ መንገድ ላይ አገኘኝ። የያዝኩትን ገል አየ። "ልጄ ሂጂ፣ ቤትሽ ግቢ፣ እንዳትቃጠዪ" አለኝና አለፈኝ።

ካሳው በኔ ይቆጠር። እናቴ ፍሙ ሲወድቅ ማየቴን የምትሰማው ዛሬ ከናንተ ጋር ነው፤ የማታውቀውን አትጠይቋት። በሐምሌ እመጣለሁ፣ ያኔ እኔኑ ጠይቁኝ።

አባቴ ሀምዱ፣ አውጫጭኙ ላይ "ታዲያ ማን ነው?" ሲሉህ ዝም ብለህ ወደኔ ተመለከትክ። አገሩ በሙሉ መሬት መሬት የምታይ መስሎት ነበር፤ እኔ ግን እያየኸኝ እንደሆነ አውቄያለሁ። የኔ ተራ ካንተ ቀጥሎ ነበር።